በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው መቼ ነው፤ ስለ መታሰቢያ አልበም አሠራር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ደብራችን የተመሠረተበት 50ኛ ዓመት በሚከበርበት በዚህ መጽሐፍ ላይ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ሰበካ ጉባኤው ባዘዘኝ ጊዜ፥ ስለ ደብሩ አመሠራረት ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ለዚሁ ሥራ ከዕቃ ቤት የወጣውን የመታሰቢያ አልበም በገለጥሁ ጊዜ፥ ከታሪኩ አስቀድሞ ታሪኩ ስለሚቀመጥበት ነገር መናገር እንደሚገባኝ ዐወቅሁ። አልበሙን የሠራሁት እኔ ነኝና፥ ነገሩን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ከ25 ዓመት በፊት የደብሩ 25ኛ ዓመት ሲከበር፥ ሕንጻው ሲሠራ የተነሡ ፎቶግራፎች፥ የጥሪ ወረቀቶች፥ ከጋዜጣ የተቈረጡ ወሬዎችና የአባቶች ደብዳቤዎች ከየምእመናኑ ቤት ተሰብስበው በእጄ ተሰጡ። እኔም ከገበያ አንድ ያማረ አልበም ገዛሁ። ገጹ ወፍራም ነበረ፤ በገጹ ላይ ሙጫ አስቀድሞ ተቀብቶበታል፤ በሙጫውም ላይ ስስ ላስቲክ ይከደንበታል። ፎቶግራፉን አስቀምጦ ላስቲኩን መክደን ብቻ ነውና፥ ሥራው በሁለት ሌሊት አለቀ። ሰዉም አይቶ አመሰገነኝ።

የቤተ ክርስቲያኑን ቦታ የሰጡት አዛውንት ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበረ። እርሱንም ልጃቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝና፥ «የኔታ፥ ሌላ የለኝም፤ ይመለስልኛል?» አሉኝ። እኔም፥ «እናቴ፥ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ምን ይጠፋል ብለው ነው?» አልኋቸው። በዕቃ ቤት እንዳለ ቀረና እንኳን ሊመለስላቸው፥ እኔም ረሳሁት።

ዘንድሮ አልበሙን ስከፍተው ገጹ እንደ ሻይ ጠይሟል፤ ሙጫው መስመር መስመር ሆኖ በሥዕሎቹ ላይ ወጥቷል፤ ከጋዜጣ የተቈረጠው ወረቀት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ላስቲኩም ከፎቶግራፎቹ ጋር ተጣብቋል። የአዛውንቱን ፎቶግራፍ ለማንሣት ላስቲኩን ብስብ፥ የፊታቸውን እኩሌታ ይዞ ወጣ። ሌባ አልገባም፤ ዝናብ አልወረደበትም፤ አይጥም አልነካውም። ያጠፋው በውስጡ የነበረው ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተጻፈውና የተለጠፈው ሁሉ አይወረስም፤ የሚወረሰው የተያዘበት ነገር ከሰው ዕድሜ የሚያልፍ ሲሆን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አባቶቻችን ለመጽሐፍ የሚሆነውን ነገር እንዴት ይመርጡ እንደ ነበር፥ ቀጥሎም የኋላው ዘመን ወረቀትና ሙጫ ምን እንዳመጣ፥ በመጨረሻም ዛሬ ለደብራችን የሚሠራው አልበም ከምን ቢሠራ እንደሚበጅ በየተራው እናገራለሁ።

አልበም የሚለው ስም ከውጭ የመጣ ቢሆንም፥ የአንድን ደብር መታሰቢያ በአንድ መጽሐፍ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የወንጌሉን ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ለዚህ ይጠቀሙባቸው ነበር። የመሬት ስጦታ፥ የንዋየ ቅድሳት ቍጥር፥ የመጻሕፍት ስም፥ የአለቆች ሹመት በዚያ ይጻፍ ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት፥ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተፈጸመው ወንጌል፥ ከቅዱሱ ቃል በተጨማሪ የገዳሙን ነገር የሚመለከቱ ማስታወሻዎችን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ማስታወሻው በወንጌል ላይ መጻፉ አንድም ስለ ክብሩ ነው፤ በወንጌል ላይ ያለውን ቃል ማንም በድፍረት አይፍቀውምና። አንድም ስለ ጥበቃው ነው፤ ከቤቱ ንብረት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቀው ወንጌል ነውና። በሦስተኛው ግን ስለ ብራናው ነው፤ ብራና ይቈያልና።

ምን ያህል እንደሚቈይ ለማወቅ በአድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማን ገዳም ማሰብ ይበቃል። በዚያ የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች ከብራናቸው ጥቂት ተወስዶ በሬዲዮካርቦን በተመረመረ ጊዜ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ተገምቷል። እንግዲህ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ ሲነበብ፥ የእኔ አልበም ሩብ ምእት እንኳ በደኅና አልደረሰም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

የብራናው ሥራ ከመምረጥ ይጀምራል። ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ነው። ጠባሳ የበዛበት፥ ሲገፈፍ በቢላዋ የተወጋ ቆዳ አይመረጥም። የተመረጠው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ ጠጕሩ ይላጫል፤ እንደ ተወጠረም በአየር ይደርቃል። እንደ ፈረንጆቹ ብራና በኖራ አይነከርም፤ እንደ ጫማ ቆዳም በዛፍ ቅርፊት አይለፋም። ውሃ፥ አየርና የሰው ክንድ ብቻ ያዘጋጁታል። ስለዚህ ኋላ ገጹን የሚበላ ባዕድ ነገር በውስጡ አይቀርም። ቀዳዳ ቢገኝበትም ጸሓፊው በክር ሰፍቶ በስፌቱ ዙሪያ ይጽፋል እንጂ ጕድለቱን በሙጫ አይሸፍነውም።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ሥር ከሚፋቅ ጥቀርሻ፥ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ተወቅጦ ለብዙ ወራት ይቈያል። በቅኔ ቤት ሳለሁ ጥቀርሻውን የምወቅጠው እኔ ነበርሁና፥ ቶሎ እንዲደርስ በቸኰልሁ ቍጥር መምህሬ፥ «ቶሎ የደረሰ ቀለም ቶሎ ይሄዳል» ይሉኝ ነበር። ጥቀርሻ ከሰል ነው፤ ከሰልም ብርሃን አያደበዝዘውም፥ ገጹንም አይበላም። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈበት ቀለም ግን በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚገኝ እብጠትና ከብረት ጨው የሚሠራ ነበርና፥ በብዙ መጻሕፍት ላይ ከዘመን ብዛት ወረቀቱን በልቶ ፊደሉ በነበረበት ስፍራ ቀዳዳ ትቷል።

ሦስተኛው ጥራዙ ነው። ብራናው ታጥፎ በጥራዝ በጥራዝ ይደረጋል፤ ጥራዞቹም እርስ በርሳቸውና ከእንጨቱ ገበታ ጋር በክር ወይም በጅማት ይሰፋሉ። ገበታው ከዋንዛ ወይም ከወይራ ይጠረባል፤ ሀብት ካለ በድጉስ ቆዳ ይለበጣል፤ በማኅደር ይከተታል፤ በግድግዳም ላይ ይንጠለጠላል። ልብ በሉ፤ ቅጠሉን ከቅጠል የሚይዘው ስፌት ነው። ስፌት ሲላላ ክሩ ተቈርጦ እንደ ገና ይሰፋል፤ ቅጠሉ ግን አይጐዳም። የገሪማ ወንጌሎች ራሳቸው በየዘመኑ ተፈትተው ተጠርዘዋል። ከፊታቸው ላሉት ለማይታዩት ልጆቻቸው መፍታት የሚቻል ሥራ ትተው ሄዱ። ሥዕል ባለበትም ገጽ ላይ አንዳንዶቹ ስስ የጨርቅ መጋረጃ ይሰፉ ነበር፤ ሥዕሉ ከፊት ለፊቱ ካለው ገጽ ጋር እንዳይተሻሽ ነው።

ወደ ወረቀት እንለፍ። የቀድሞው የአውሮፓ ወረቀት ከአሮጌ የተልባና የጥጥ ጨርቅ ይሠራ ነበርና ጽኑዕ ነበረ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1807 ዓ.ም. ኢሊግ የሚባል ጀርመናዊ፥ ቀለም እንዳይሰርግበት ወረቀቱን በዛፍ ሙጫና አሉም በሚባል ጨው ማዘጋጀትን አስታወቀ። አሉሙ ግን በወረቀቱ ውስጥ አሲድ ይፈጥራል። በ1840ዎቹም ኬለር የሚባል የሳክሶኒ ሰው እንጨትን በድንጋይ ፈጭቶ ወረቀት ማድረግን አገኘ። ወረቀት ረከሰ፤ ጋዜጣና መጽሐፍ ለብዙ ሰው ደረሰ። ይህ ታላቅ በረከት መሆኑ አይካድም፤ በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር ንባብ በወረቀት በኩል ሰፋ። ነገር ግን የተፈጨ እንጨት ሊግኒን የሚባለውን ነገር ከነሙሉው ይይዛልና፥ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠይማል፤ አሲዱም ጭረቶቹን ይቈራርጣቸዋል። ጋዜጣ በመስኮት አጠገብ ጥቂት ቀን ትታችሁ ብታዩት ይህንኑ ትረዳላችሁ። ከጋዜጣ የተቈረጠ ወረቀት በአልበም ሲለጠፍ ደግሞ አሲዱ ወደ ጎረቤቱ ፎቶግራፍና ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ ይተላለፋል።

ቍርጥራጭን በመጽሐፍ መለጠፍ በ19ኛው ምእት ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የብዙ ቤተ ሰብ ልማድ ሆነ። ማርክ ትዌይን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ ሳይቀር፥ በገጹ ላይ ሙጫ አስቀድሞ የተቀባበት፥ በውሃ ብቻ ረጥቦ የሚለጠፍበት አልበም ሠርቶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1873 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አወጣበት። ከዚያ በኋላ በ20ኛው ምእት እኩሌታ ካለፈ ወዲህ ውሃም የማይፈልገው፥ እኔ የገዛሁት ዓይነት፥ ሙጫና ላስቲክ ያለው አልበም በዓለም ገበያ ተሠራጨ። የሁሉም መስሕብ አንድ ነው፤ ድካምን ያስቀራል። በብዙዎቹ ገጹ አሲድ ያለው ካርቶን፥ ላስቲኩም ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ እያረጀ ሲሄድ ለፎቶግራፍ መርዝ የሆነ ትነት ያወጣል፤ ሙጫውም ወይ ደርቆ ይለቃል፥ ወይ ጸንቶ አይለቅም።

ለማዳን የተሠራው ሥራ ራሱ እንደሚጐዳ ከአንድ ሊቅ ሕይወት እንማር። ዊልያም ባሮው የሚባል የቨርጂኒያ ሰው በ1930ዎቹ ጀምሮ የሚፈራርሱ ሰነዶችን በሁለት ስስ ፕላስቲክ መካከል በሙቀት እየዘጋ ያድን ነበር። ኋላም አሲዱ በውስጥ ሆኖ መብላቱን እንደማይተው ተረድቶ፥ ከመዝጋቱ በፊት አሲዱን ማውጣት እንደሚገባ አስተማረ፤ የመጽሐፍ ወረቀት ስለ ምን እንደሚሞትም መርምሮ ለዓለም አስታወቀ። ስለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እርሱ በፕላስቲክ የዘጋቸውን ሰነዶች መፍታት ለዛሬዎቹ ጠጋኞች ከባድ ሥራ ሆኖባቸዋል። እንግዲህ በቅን ልብ የተሠራ ሥራ ሁሉ በጎ አይደለም፤ የተሳሳተ ቢሆን ሌላው ሊፈታው የሚችል ሥራ ግን ስሕተቱ እንኳ ይታረማል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ሕግ እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ ጠላቱን በውስጡ የያዘ ነገር ለመታሰቢያ አይመረጥ። ሁለተኛው፥ የማይፈታ ነገር አይደረግ። በቅኔ ሰሙ ቀልጦ ሲወርድ ወርቁ ይገኛል፤ በአልበም ግን ሰሙ የተበላሸ እንደ ሆነ ወርቁም አብሮ ይፈሳል። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ ሕጎች ተመርተን ለደብራችን የሚገባውን እንምረጥ።

ስለ ገጹ፤ ከአሲድና ከሊግኒን ነጻ የሆነ፥ ጠመኔ የተጨመረበት ወረቀት ይገዛ። ጠመኔው ከአየር የሚመጣውን አሲድ ይቀበልለታል። ለሚጸና ወረቀት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. አይ ኤስ ኦ 9706 የተባለ የዓለም ደንብ ወጥቶለታል፤ ምልክቱም በክብ ውስጥ ያለ የተጋደመ ስምንት የሚመስል ነው። ስለ ፎቶግራፍ የሚሆነው ዕቃም በልዩ ፈተና የሚመረመርበት አይ ኤስ ኦ 18916 የሚባል ደንብ አለ። ሻጩ ይህን ፈተና አልፏል ካላለ፥ የአልበሙ ማማር አያታልለን።

ስለ መያዣው፤ ፎቶግራፍ ከነጭራሹ ባይለጠፍ ይሻላል። አራቱን ማዕዘን የሚይዙ የወረቀት ወይም የደኅና ፕላስቲክ ኪሶች አሉ፤ ሙጫው ኪሱን ከገጹ ጋር ያያይዛል እንጂ ፎቶግራፉን አይነካም። ፎቶግራፉም በፈለጉ ጊዜ ይወጣል። ፕላስቲክ ካስፈለገ ፖሊስተር፥ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤቲሊን ይሁን። አዲስ ሲከፈት ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ላስቲክ ግን ይጠርጠር። የተቀደደ ደብዳቤ መያያዝ ካለበት ከስንዴ የወጣ ንጹሕ ስታርች በውሃ ተቀቅሎ በስስ ወረቀት ይያያዝ፤ ይህ በርጥበት ይለቃልና። የቢሮ ተለጣፊ ፕላስተር፥ የብረት መያዣና ላስቲክ ማሰሪያ ከቶ አይቅረቡ፤ ፕላስተሩ ያጠይማል፥ ብረቱ ይዝጋል፥ ማሰሪያውም ቀልጦ ይጣበቃል።

ስለ ጋዜጣው ቍራጭ፤ በደኅና ወረቀት ላይ ይገልበጥና ግልባጩ በአልበሙ ይግባ፤ ዋናው ለብቻው በፖስታ ይቀመጥ። በፎቶግራፎቹ መካከልም፥ እንደ አባቶቻችን መጋረጃ፥ ስስ ከአሲድ ነጻ የሆነ ወረቀት ይግባ።

ስለ ጽሑፉ፤ በሥዕሉ ያሉት ሰዎች ስም፥ ቦታውና ዓመቱ በፎቶግራፉ ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፍ፤ በአልበሙም ገጽ ላይ በማይደበዝዝ ጥቁር ቀለም ይደገም። በእስክሪብቶ ጀርባውን መጻፍ አይገባም፤ ይወጋል፥ ቀለሙም ወደ ፊት ይወጣል። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ቢጸናም ከ50 ዓመት በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚነግር አይገኝም።

ስለ ጥራዙ፤ ገጹ በክር የተሰፋ ወይም በብሎን የተያዘ፥ ፎቶግራፍ ሲገባበት እንዳያብጥ በጀርባው ክፍተት የተተወለት ይሁን። ስለ ማኅደሩ፤ አልበሙ በሣጥን ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ከውጭ ግድግዳና ከጣራ ርቆ፥ ከጧፍና ከዕጣን ጢስ ተለይቶ ይቀመጥ። ምስጥና ብል መኖራቸው በየጊዜው ይታይ። ባለ ቀለም ፎቶግራፍ በጨለማም ቢሆን በጊዜ ብዛት የሚደበዝዝ ነውና፥ ሁሉም በዲጂታል ተቀድቶ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ይጠበቅ። ግን ቅጂው ዋናውን ለመጣል ምክንያት አይሁን።

እንደ እኔ ያለ አልበም በቤታችሁ ያላችሁ፥ አትጐትቱ። አስቀድማችሁ ገጹን እንዳለ ፎቶግራፍ አንሡት። ላስቲኩ በቀላሉ የሚነሣ ከሆነ ብቻ አንሥታችሁ፥ ቀጭን የጥርስ ማጽጃ ክር በፎቶግራፉና በገጹ መካከል እንደ መጋዝ ቀስ እያደረጋችሁ አሳልፉ። እንቢ ካለ ተዉት፤ ካርቶኑን ከዙሪያው ቈርጣችሁ ለሚያውቅ ሰው አቈዩት። እኔ ይህን ሳላውቅ ጐትቼ ነው የአዛውንቱን ፊት ያጠፋሁት።

ወደ እናታችን ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «የኔታ፥ እኔ የአባቴን ፊት ዐውቀዋለሁ፤ የማያውቁት የልጅ ልጆቼ ናቸው» አሉኝ። ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም። የቀረውን እኩሌታ ግን በእጄ መልሰው ሰጥተው፥ «ለዚህኛውስ ተጠንቅቀው ያኑሩልኝ» አሉ። እርሱ ዛሬ በአዲሱ አልበም በመጀመሪያው ገጽ ላይ፥ ያለ ሙጫ፥ በአራት ማዕዘን ተይዞ ይገኛል። ስማቸውና የሰጡት ቦታ ከሥሩ ተጽፏል፤ የጠፋው እኩሌታ እንዴት እንደ ጠፋም ጨምሬ ጽፌበታለሁ፤ የሚመጣው ጸሓፊ እንዳይደግመው።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ በቤታችሁ ያለውን ፎቶግራፍና ደብዳቤ፥ ስሙን የሚያውቁት አረጋውያን ሳሉ ስሙን ጽፋችሁ አምጡ። በእናንተ ፊት ይቀዳል፤ ዋናውንም መልሳችሁ ትወስዳላችሁ። የደብራችን 100ኛ ዓመት ሲከበር ብዙዎቻችን አንኖርም። የሚኖሩት ግን መጽሐፉን ገልጠው ፊታችንን እንዲያዩ፥ ከወደዱም ፈትተው እንደ ገና እንዲሰፉት አድርገን እንተውላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።